ቴሌቪዥኑ የዋጣቸው ሺዎች

የመጋዘን ቆጠራ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ሳምንት ነበር። ስካን የተደረገውን የቆጠራ ወረቀትና የምሞላውን ሰንጠረዥ ጎን ለጎን ለመክፈት የላፕቶፔ ስክሪን አልበቃኝም። በስብሰባ ክፍሉ ጥግ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ባለ 40 ኢንች ቴሌቪዥን ነበር። በኤችዲኤምአይ ገመድ አገናኘሁት፤ የዊንዶውስን ቁልፍ ከፒ ጋር ተጭኜ ስክሪኑን የሚያራዝመውን ምርጫ ወሰድኩ። ወረቀቱን በቴሌቪዥኑ ወርድ ልክ አሰፋሁት፣ ሰንጠረዡ ላፕቶፑ ላይ ቀረ። የሁለት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ስጨርስ ራሴን ሳላደንቅ አልቀረሁም።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። በማግስቱ የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋ አስጠሩኝ። አሥራ አንድ ዕቃዎች ከመጋዘኑ መዝገብ ጋር አልገጠሙም። 1240 ሊሆን የሚገባው 240፣ 2315 ሊሆን የሚገባው 315 ተብሎ ገብቷል። የመጋዘን ኃላፊው፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው፣ ከበሩ አጠገብ ፊታቸው ጠቁሮ ቆመዋል። ኃላፊዋ ግን ወረቀቱን ደጋግመው አዩና፣ "ልዩነቱ ሁሉ በሦስት ዜሮ ያልቃል። ሌባ እንዲህ አሳምሮ አይሰርቅም" አሉ።

"እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት" አልኩ በቁጣ። ወደ ስብሰባ ክፍሉ ሮጬ ወረቀቱን ከፈትኩ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ 240 ይላል። ስክሪንሾት አንስቼ ላክሁላቸው። ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

"የላክኸው ምስል እኮ 1240 ነው የሚለው።"

የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ምስሉን ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩት፤ 1240። ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ፤ 240።

ያን ጊዜ ነው ተነሥቼ ቀርቤ ያየሁት። ከላይ በስተቀኝ ያለው የመስኮት መዝጊያ ምልክት ግማሹ የለም። ከታች ያለው የተግባር አሞሌም ቀጥኗል። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ሥር የነበሩ ምልክቶች ናቸው።

ነገሩ ኦቨርስካን ይባላል። ሆዳም በነበሩት የድሮ ቴሌቪዥኖች የምስሉ ጠርዝ ቀጥ ብሎ አይረጋም ነበር፤ ስለዚህ አምራቾች ምስሉን ትንሽ ለጥጠው ጠርዙን ከክፈፉ ጀርባ ይደብቁት ነበር። ጠፍጣፋ ስክሪን ይህ ችግር የለበትም፤ ልማዱ ግን በብዙዎቹ ውስጥ ቀርቷል። ለፊልም ማንም ልብ አይለውም። ለቁጥር ግን በእያንዳንዱ ጎን 2.5 በመቶ ብቻ ቢቆረጥ ከምስሉ ወርድ 1920 ፒክስል (ነጥብ) በየጎኑ 48ቱ ሄደ ማለት ነው፤ አንድ አኃዝ ከነትርፉ ይውጣል። የብዛቱ ዓምድ በግራ ጠርዝ ላይ ነበር፤ ቁጥሮቹም በቀኝ በኩል ተስተካክለው የተደረደሩ ናቸው። ባለ ሦስት አኃዞቹ በደህና ወጡ፣ ባለ አራቶቹ ራሳቸውን አጡ። ኮምፒውተሩ የላከው ሙሉ ምስል ስለሆነ ስክሪንሾቱም ሙሉ ነበር። የቆረጠው ቴሌቪዥኑ ነው።

መፍትሔው ሪሞቱ ላይ ነበር። በምስል መጠን ማስተካከያው ውስጥ እንደ አምራቹ "ጀስት ስካን" ወይም "ስክሪን ፊት" የሚባል ምርጫ አለ፤ ገመዱ የተሰካበትን መግቢያ "ፒሲ" ብሎ መሰየምም በብዙዎቹ ላይ ይሠራል። ከኮምፒውተሩ በኩል ምስሉን አሳንሶ ማስገባትም ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም፣ ፊደሉን ያደበዝዘዋል። ጠርዞችን የሚያጎላውን፣ ሹልነት የሚባለውን ማስተካከያም ዝቅ አደረግሁት፤ በየፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጥላ ይስል ነበር። ከዚያ በኋላም ቢሆን በ40 ኢንች ላይ የተዘረጋ 1920 በ1080 ምስል በአንድ ኢንች 55 ፒክስል ገደማ ብቻ ስለሚደርሰው፣ አፍንጫ ሥር አስቀምጦ ለማንበብ አይመችም። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ።

የገባውን ሁሉ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እንደገና አመሳከርኩ። ከዚያ ወደ መጋዘን ወረድኩ። ሽማግሌው ይቅርታዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "እንግዲህ ልጄ፣ ትናንት ሌሊቱን ያልተኛሁት በቴሌቪዥን ምክንያት ነው በለኝ" አሉ። መልስ አልነበረኝም። ቁልፋቸውን አንሥተው፣ "ና፣ አሥራ አንዱን አብረን እንቁጠራቸው" ብለው ቀደሙኝ።