ራሴን አመመኝ የምትለው ልጅ

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነርስ ነኝ። ክሊኒካችን ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ የመድኃኒት ቁም ሳጥን፣ ሚዛንና መዝገብ፣ በቃ። ልጆቹ «ሲስተር» ነው የሚሉኝ።

አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ ነበረች። በሳምንት ሁለት ሦስቴ በሩን ቀስ አድርጋ ትከፍትና «ሲስተር፣ ራሴን አመመኝ» ትለኛለች። ሙቀቷን እለካለሁ፣ ደህና ነው። ቁርስ በልተሻል? በልቻለሁ። (ምገባው ከመጀመሩ በፊት ቢሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው ረሃብን ነበር።) ውሃ እሰጣታለሁ፣ ትንሽ ጋደም ትልና ወደ ክፍሏ ትመለሳለች።

አንድ ቀን መዝገቡን ሳገላብጥ የጥቅምት ወር ላይ ስሟን 9 ቦታ አገኘሁት። ሒሳብ የሚያስተምራትን የክፍል ኃላፊዋን ጠየቅኩት። «የሚያማት እኮ በእኔ ክፍለ ጊዜ ነው፣ አትስሚያት» አለኝ። አመንኩት። በማግስቱ ስትመጣ «ከትምህርት ለመሸሽ ከሆነ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!» ብዬ መለስኳት። አልተከራከረችኝም። «እሺ ሲስተር» ብላ በሩን እንደወትሮዋ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት አልመጣችም። ከዚያ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት አንድ የ1ኛ ክፍል ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ደምቶ፣ እሷ ደግፋው ከች አለች። እኔ ቁስሉን በውሃና በሳሙና እያጠብኩ «እስኪ ፋሻውን አቀብይኝ፣ ሳጥኑ ላይ ተጽፏል» አልኳት። ሄደች፣ ግን አላነሳችውም። አፍንጫዋ ሳጥኑን እስኪነካ ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ታነብ ጀመር።

እጄ ላይ ውሃው እየፈሰሰ ዝም ብዬ አየኋት።

ልጁን አሽጌ ከላክሁ በኋላ የዓይን መመርመሪያውን ሰንጠረዥ አወጣሁ። ያ አቅጣጫው የሚለዋወጥ ባለ ሦስት እግር ምልክት ያለበት ነው፣ ፊደል የማይለይ ልጅም እግሮቹ ወዴት እንደዞሩ በእጁ ያሳያል። እዚያው በር ኋላ ነበር፣ ጋውኔን የምሰቅልበት። ክሊኒኳ ስለማትበቃ ኮሪደሩ ላይ 6 ሜትር ለክቼ በጠመኔ አሰመርኩና አንዱን ዓይኗን በመዳፏ አስሸፈንኳት። ከላይ ያለውን ትልቁን ብቻ አየች። በሌላኛውም ያው ነው።

«ሰሌዳው እንደማይታይሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«ለሁሉም ሰው እንደዚህ የደበዘዘ መስሎኝ፤ እነሱ ጎበዝ ስለሆኑ ነው የሚያነቡት።»

ለካ ጥርት ያለ ነገር አይታ አታውቅም፣ በምን ታወዳድረው? ቀኑን ሙሉ ዓይኗን አጨንቁራ ሰሌዳ ላይ ስታፈጥ ራሷን ሊያማት እንደሚችል ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። እኔ ግን ሰነፍ አልኳት። እዚያው ኮሪደሩ ላይ በርከክ ብዬ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ትልቅ ሰው ይቅርታ ጠይቋት አያውቅም መሰለኝ፣ ግራ ገብቷት እጄን ያዘችኝ።

እናቷ ጉልት ነው የሚሸጡት። «እኔ እኮ ደብተሯ ላይ እንዲያ ስትደፋ ጥናት ወዳ መስሎኝ» እያሉ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ወሰዷት፣ የማይታያት ቅርቡ ሳይሆን ሩቁ ነው ተባለ። የመነፅሩን ዋጋ ያ የሒሳብ መምህር «እኔ እችላለሁ» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ፒያሳም ራሱ ሄዶ አሠራላት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት «አራት ዓይን» እንዳይሏት ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃው ነበር። እሱ ነው የራሱን መነፅር አድርጎ መግባት የጀመረው፤ ከዚያ በፊት አድርጎ አይቼው አላውቅም።

አሁን ራሱን የሚያመው ልጅ ደጋግሞ ሲመጣ ከፓራሲታሞሉ በፊት ጠመኔው ጋ አቆመዋለሁ። እሷም ዓይናቸውን የሚያጨነቁሩ ልጆችን ከየክፍሉ እየለቀመች ታመጣልኛለች። «ሲስተር፣ ይቺም ደብዝዞባታል!»

ባለፈው ሳምንት የመድኃኒት ወረቀት ከፊቴ አርቄ እያነበብኩ ደረሰችብኝ። ትንሽ አየችኝና «ሲስተር፣ እርስዎም ይቁሙ፣ እኔ ልመርምርዎት» አለችኝ። የእኔው የዕድሜ ነው፣ ችግሩ የቅርብ ነው፣ ሰንጠረዡ አያሳየውም። ግን ሄጄ መስመሩ ላይ ቆምኩላት። ማስመሪያ አንስታ ከታች ያለውን ትንሹን ጠቆመችና «አይቸኩሉ፣ ቀስ ብለው» አለችኝ።