የባሕር ሞገድ በኮምፒውተር፦ ከጌርስትነር ወደ ኤፍኤፍቲ

ሳይን ሞገዶችን ብቻ ደራርቦ የተሠራ ውሃ ጫፉ ዱልዱም ስለሚሆን ነፋስ ያወዛወዘው ጨርቅ ይመስላል። የጌርስትነር ሞገድ ነጥቦቹን ወደ ጎንም ስለሚገፋ ጫፉ ይሾላል፣ ሸለቆው ይሰፋል። ለእያንዳንዱ ሞገድ የሹለት መጠኑን፣ የሞገድ ቁጥሩን (2π ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል) እና ከፍታውን (ከአማካዩ ገጽ እስከ ጫፉ) አባዙ፤ የሁሉም ድምር ከ1 ካለፈ የውሃው ገጽ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ ቋጠሮ ይፈጥራል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ግን ፍጥነት ላይ ነው። ለሁሉም ሞገድ አንድ ፍጥነት ከተሰጠ ባሕሩ እንደሚጎተት ምንጣፍ ባንድነት ይንሸራተታል። በጥልቅ ውሃ የማዕዘን ድግግሞሹ (ሞገዱ በሰከንድ የሚዞረው ማዕዘን፣ በራዲያን) ስኩዌር የስበት ፍጥንጥነቱ 9.81 እና የሞገድ ቁጥሩ ብዜት ነው፤ ፍጥነቱ ደግሞ ድግግሞሹ ለሞገድ ቁጥሩ ሲካፈል ነው። ስለዚህ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ሞገድ በሰከንድ 12.5 ሜትር ሲጓዝ የ1 ሜትሩ የሚሄደው 1.25 ሜትር ብቻ ነው። ውሃው ክብደት ያለው የሚመስለው ከዚህች አንድ የቀመር መስመር የተነሳ ነው፤ እሷ ሳትስተካከል ሼደር (ቀለምና ብርሃን የሚያሰላውን ፕሮግራም) ማሳመር ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ጄሪ ቴሰንዶርፍ በ2001 በሲግራፍ (የኮምፒውተር ግራፊክስ ጉባኤ) የኮርስ ማስታወሻው ያብራራው የኤፍኤፍቲ (ፈጣን የፉሪየር ለውጥ፤ ብዙ ሞገዶችን ባንዴ የሚደምር ስሌት) ዘዴ ይመጣል። በ512 በ512 ሰንጠረዥ ላይ የጋውስ የዘፈቀደ ቁጥሮች በስፔክትረሙ (ጉልበቱ በየሞገዱ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚገልጸው ቀመር) ስኩዌር ሩት አንድ ጊዜ ይባዛሉ፤ ከዚያ በየፍሬሙ ፌዙ (ሞገዱ በዑደቱ ያለበት ቦታ) ብቻ ይዞርና ተገላቢጦሽ ኤፍኤፍቲ ይሠራል። የውጤቱ ኢማጂናሪ ክፍል ወደ ዜሮ ካልተጠጋ የተቃራኒው ሞገድ ኮንጁጌት (የኢማጂናሪ ክፍሉ ምልክት የተገለበጠ ቅጂ) ተረስቷል ማለት ነው። ከፍታው እንደ ዳማ ሰሌዳ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ከዘለለ፣ የሞገድ ቁጥሮቹ ቆጠራ ከ0 ሳይሆን ከ−256 ስለጀመረ ነው፤ የረድፉና የዓምዱ ቁጥር ድምር ጎዶሎ በሆነበት ቦታ ምልክቱን ገልብጡ። ገጹ ጨርሶ ከጠፋ የሞገድ ቁጥሩ ዜሮ የሆነበትን ቦታ ተመልከቱ፤ እዚያ ስፔክትረሙ በዜሮ ይካፈላል።

በዚህ ዘዴ የተሠራ የ250 ሜትር የባሕር ቁራጭ ጎን ለጎን ሲደጋገም ከላይ ሲታይ ያስታውቃል። የ250፣ የ37 እና የ5 ሜትር ሦስት ቁራጮች ሲደረቡ ድግግሞሹ ይሰወራል፤ ሆኖም ለየቁራጩ የሞገድ ቁጥር ወሰን ካልተበጀ አንዱ ጉልበት ሁለቴ ይቆጠራል።

አረፋው የሚወጣው ከጎንዮሽ ግፊቱ ነው፤ የጃኮቢያን ዲተርሚናንት (ገጹ ምን ያህል እንደተለጠጠ ወይም እንደተጨመቀ የሚለካው ቁጥር) ከዜሮ ሲያንስ ገጹ ታጥፏል። አረፋው በዚያው ፍሬም ብቻ ከተሳለ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፣ ስለዚህ እያጠራቀሙ ቀስ በቀስ ማደብዘዝ ያስፈልጋል።

ውሃውን ሰማያዊ መቀባት አያስፈልግም። ከላይ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲታይ 2 በመቶ ያህል ብርሃን ያንጸባርቃል፣ ከአድማሱ አጠገብ ግን ሁሉንም ለማለት ይቻላል፤ ቀለሙን በብዛት የሚሰጠው ሰማዩ ነው። የሚቀረው የሩቁ ውሃ ነው፦ ሚፕማፕ (ለሩቅ ዕይታ የሚያገለግል ያነሰ የምስል ቅጂ) ኖርማሎቹን (የገጹን አቅጣጫ የሚያሳዩትን ቀስቶች) አማክሎ እንደ መስታወት ያለሰልሳቸዋል፣ የጠፋው የተዳፋት ልዩነት ወደ ሸካራነት መጠኑ መጨመር አለበት።