አባዶ ኮንዶሚኒየም ላይ የቤት ኅብረት እንዴት እንደጀመርንና ምን እንደተማርን

እሁድ ቤተክርስቲያን ሄዶ ዘምሮ፣ ስብከት ሰምቶ፣ በር ላይ «ሰላም ነህ ወይ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ጌታ ይባርክህ» ተባብሎ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል፣ ለዓመታትም ይቻላል፣ እና በዛ ሁሉ ጊዜ ማንም ስላንተ አንዲት ነገር ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። ይሄን የምለው ቤተክርስቲያኔን ለመውቀስ አይደለም፣ በጣም ነው የምወዳት፣ ግን ከሺህ ሰው በላይ የሚገባበት አዳራሽ ውስጥ መጋቢውም ሽማግሌዎቹም ቢፈልጉ እንኳን ሁሉን ሰው ሊያውቁ አይችሉም። ያዕቆብ መልእክቱ ላይ እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ፣ አንዱ ስለ ሌላው ይጸልይ ይላል፣ እሺ ለማን ነው የምናዘዘው? ከፊቴ ለተቀመጠው ጀርባውን ብቻ ለማየው ሰውዬ? እኔ የቤት ኅብረትን (በየሳምንቱ ጥቂት ሆኖ በአንድ ሰው ቤት መሰብሰብን፣ ሴል የምትሉትም አላችሁ) እንደ ተጨማሪ ፕሮግራም ማየት ያቆምኩት እዚች ጥያቄ ላይ ነው።

አጀማመራችን ግን እንደዚህ መንፈሳዊ አልነበረም፣ የትራንስፖርት ጉዳይ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ቤተክርስቲያናችን ጎፋ አካባቢ ነች፣ ማለት ከተማውን ሙሉ ማቋረጥ ነው። የረቡዕ ማታ የጸሎት ፕሮግራም ላይ ለመድረስ ከአባዶ መገናኛ፣ መገናኛ ደግሞ ያንን ሰልፍ ተሰልፎ ሌላ ታክሲ፣ ከዛ ሲያልቅ በጨለማ መመለስ፣ ልጅ ያላት እናት በፍጹም አትችለውም። እሁድ ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ የያዙ የምናውቃቸው ፊቶች ስናይ «እናንተም እዚ ናችሁ እንዴ» ተባባልንና በቃ፣ ረቡዕ መሄድ ካልቻልን ለምን አንዳችን ቤት ሐሙስ ማታ አንሰበሰብም አልን። አንድ ሽማግሌ ጋ ሄደን ነገርናቸው፣ ደስ አላቸው፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፣ ከአጥቢያው ተለይታችሁ እንዳትሆኑ፣ በየወሩ መጥታችሁ ንገሩን አሉን። ይሄ ቅድመ ሁኔታ ያኔ ትንሽ ቢሮክራሲ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ግን ስንት ጊዜ እንዳዳነን እነግራችኋለሁ።

በነገራችን ላይ እንዲህ አይነት ነገር ከተራ ችግር መጀመሩ አዲስ አይደለም። በ1742 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ውስጥ የሰባኪው የጆን ዌስሊ ሰዎች የመሰብሰቢያ ቤታቸው ዕዳ ነበረበት፣ ዕዳውን ለመክፈል እያንዳንዱ በሳምንት አንድ ፔኒ ይስጥ ተባለና ሰው በ12 በ12 ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን ገንዘብ ሰብሳቢ ተመደበለት። ሰብሳቢዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ ታዲያ ያገኙት ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተጣላ፣ ማን ወደ መጠጡ እንደተመለሰ ማየት ጀመሩ። ዌስሊ ይሄን ሲሰማ ስፈልገው የነበረው ይሄ ነው አለ፣ የገንዘብ መሰብሰቢያው የሳምንት ኅብረት ሆነ፣ የሜቶዲስት እንቅስቃሴም የቆመው በዛ ላይ ነው። ቤቱ ደጃፍ ድረስ ስትሄድ ነው ሰውን የምታውቀው።

እኛ ጋ ደግሞ ደጃፉ ራሱ ጠባብ ነው። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ 12 ሰው ከገባ በር ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ፣ አልጋ ላይም የሚቀመጥ አለ፣ እኔ ይሄ በረከት ነው እላለሁ፣ ትልቅ ሳሎን ቢኖረን ኖሮ ሠላሳ ሰው ሰብስበን ሌላ ትንሽ ቤተክርስቲያን ሠርተን ሰው መልሶ የሚደበቅበት ቦታ ይፈጠር ነበር።

ፕሮግራሙ ቀላል ነው። 12 ሰዓት ተኩል እንጀምራለን፣ የመጣው ይምጣ ያልመጣውን አንጠብቅም፣ አንድ ሁለት መዝሙር ያለ ስፒከር (ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት አለ)፣ ከዛ ቃሉ፣ ከዛ ጸሎት፣ 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። ሰዓቱን አጥብቀን የያዝነው የመጨረሻው ታክሲም ስለሚያልፍ ነው፣ የነገ ሥራም ስላለ ነው፣ ጸሎቱ ቢጥምም ይዘጋል። ማርቆስ ወንጌልን ከመጀመሪያው ጀምረን በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሄድን፣ እና የሚመራው ሰው አይሰብክም፣ ይጠይቃል፤ ክፍሉ ምን ይላል፣ ስለ ጌታ ምን ያሳየናል፣ እኔ እስከ ሐሙስ ምን ላድርግበት። ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት ሥራ የምትሠራው፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው ሐሙስ «እንዴት ሆነ» ተብሎ ይጠየቃል። አብዛኞቻችን ስብከት መስማት ነው የለመድነው፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ዝም ይባላል፣ ዝምታው ያስፈራና መሪው ራሱ መመለስ ይጀምራል፣ ያኔ አለቀ በቃ፣ ጥናቱ ስብከት ሆነ። መሪ ዝምታውን መታገስ ካልቻለ ሌላ ምንም ስልጠና አይጠቅመውም ባይ ነኝ።

ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት አሉን። ለሳቸው ሲባል ክፍሉ ሁለቴ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ለሳቸው ብለን ጀመርነው ግን ለሁላችንም ሆነ፣ ምክንያቱም እኛ ዓይናችን ስልካችን ላይ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ሲሮጥ እሳቸው ሰምተው ይይዛሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ ስናጠና እኛ ስለ እምነቷ ስናወራ እሳቸው «ልጆቼ፣ ገንዘቧን ሁሉ እኮ ለባለ መድኃኒት ጨርሳለች» አሉ፣ ከዛ የራሳቸውን ታሪክ ነገሩን፣ እዛ ቤት ዓይኑ ያልረጠበ ሰው አልነበረም። አዳራሽ ውስጥ ለእትዬ ማን ማይክ ይሰጣቸዋል?

እሳቸው ናቸው ስለ ደርግ ጊዜ የሚነግሩን። በ1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ስትዘጋ፣ ንብረቷ ሲወረስ፣ መሪዎቿ ሲታሰሩ፣ ምዕመኑ በየቤቱ ተበትኖ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ነበር የሚሰበሰበው፣ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ። ስትዘጋ ወደ 5,000 አባል ነበራት፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ደርግ ወድቆ በግልጽ ስትወጣ ከ30,000 በላይ ሆና ነው የወጣችው። ይሄን ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ብቻ እናወራዋለን፣ ተአምርም ነው፣ ግን እትዬ ሲነግሩን ሌላም ነገር ይታያል፤ ያኔ የቤት እመቤቷም ተማሪውም ማገልገል ነበረበት፣ አገልጋይ ሌላ የለማ። አሁን ሕንፃው ተመለሰ፣ መድረክ ተመለሰ፣ እና አብዛኛው ሰው ተመልካች ሆነ። ይሄ ያሳስበኛል፣ በጣም።

ወደ እኛ ልመለስ። ኅብረትን የሚገድሉ ነገሮች ትንንሽ ናቸው፣ አንዱ ምግብ ነው። መጀመሪያ ሻይና ዳቦ ነበር፣ ከዛ አንዱ ቤት ሳምቡሳ ተጨመረ፣ ቀጣዩ ቤት ፓስታ፣ ከዛ ዶሮ ወጥ የሠራ ቤት ተገኘ። ያበሻ እንግዳ አቀባበል እኮ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን ተራው ሲደርስ «በዚህ ሳምንት አይመቸንም» የሚል ቤተሰብ መጣ፣ ምክንያቱ ኑሮ እንደሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ቡናና ቆሎ ብቻ፣ ያለውም የሌለውም እኩል፣ ብለን ወሰንን፣ ያ ቤተሰብም ተመልሶ ማስተናገድ ጀመረ።

ሁለተኛው ምስጢር ነው፣ ይሄ ከምግቡ በጣም ይበልጣል። «ለእህታችን ጸልዩላት፣ ትዳሯ ላይ ችግር አለ» የሚባለው ነገር ጸሎት ይመስላል፣ ግን እሷ ሳትፈቅድ ከተባለ ሐሜት ነው። የጸሎት ርዕስ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይጻፍም ብለናል፣ እዛ የሚጻፈው የማን ቤት እንደሆነና ስንት ምዕራፍ እንደሚነበብ ብቻ ነው። እዛ ቤት የተነገረ ነገር ለባልም ለሚስትም አይወራም፣ አዲስ ሰው ሲመጣ ይሄ ፊት ለፊት ይነገረዋል። ሰው ልቡን የሚከፍተው ይሄ በትክክል መጠበቁን ካየ በኋላ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል፣ እኛ ጋ ወራት ነው የወሰደው፣ እስከዛ የጸሎት ርዕሱ ሁሉ «ለአገራችን ሰላም» ነበር (ለአገር መጸለይ ያስፈልጋል፣ ግን የራስህን ላለመናገር ከሆነ ይታወቃል)።

አንድ ወንድም ሹፌር ነበር፣ ሥራው ቆመ። እሁድ እንደ ሁልጊዜው ሱፉን ለብሶ ይመጣል፣ ማንም አያውቅም። ሐሙስ ግን መምጣት አቆመ፣ ሁለት ሐሙስ ሲቀር ሁለት ወንድሞች ቤቱ ሄዱ፣ ሳይደውሉ፣ ምክንያቱም ሲደወል «ደህና ነኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው» ነው የሚባለው። ገቡ፣ ቁጭ አሉ፣ ቡና ተፈላ፣ ከዛ ነገሩ ወጣ። ሥራ ያገኘው ከእኛው መሀል ባለች እህት አጎት በኩል ነው። ሌላዋ እህት ስትወልድ አራተኛ ፎቅ ላይ ነች፣ ሊፍት የለም፣ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ጎረምሶቹ ተራ ገብተው ጀሪካን አወጡላት፣ እሷ ከስብከት ሁሉ ይልቅ ይሄን ነው የምታወራው። እድር አለን፣ እድር ጥሩ ነገር ነው፣ ግን እድር ሲሞቱ ነው የሚመጣው።

ገንዘብ ላይ ግን ሕግ አለን፤ አባል ለአባል አያበድርም። የሚሰጥ ይስጥ፣ የሰጠውንም ይርሳ፣ ከአቅም በላይ ከሆነ በቤተክርስቲያን ዲያቆናት በኩል ይሁን። ብድር የገባበት ኅብረት ውስጥ ተበዳሪው ነው መጀመሪያ የሚጠፋው።

ሽማግሌው ያሉን ነገር ያዳነን ደግሞ አንድ እንግዳ የመጣ ጊዜ ነው። ሰው ጋብዞት መጣ፣ ጸሎት ላይ «ቃል አለኝ» (ከጌታ የመጣ መልእክት ማለቱ ነው) እያለ አንዷን እህት ለብቻዋ ማናገር ፈለገ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ መሥዋዕት መዝራት (ገንዘብ ስጡና ትባረካላችሁ) ማውራት ጀመረ። የቤት ኅብረት ለእንዲህ አይነት ሰው የተመቸ ነው፣ ጠባቂ የለውም ብሎ ያስባል። እኛ ግን ለማን እንደምንናገር እናውቅ ነበር፣ ሽማግሌው በሚቀጥለው ሐሙስ ራሳቸው መጥተው ተቀመጡ፣ በአክብሮት አነጋገሩት፣ ከዛ በኋላ አልመጣም። ጳውሎስም ትንቢት በጉባኤው ይመርመር ነው ያለው፣ ስለዚህ እኛ ጋ ለብቻ የሚነገር ትንቢት የለም። ጥምቀትም ጌታ እራትም እዛው አጥቢያ ነው፣ እሁድን የሚተካ ነገር እየሠራን አይደለም።

ቁጥሩ ሲበዛ መከፈል ግድ ነው፣ ይሄ ያማል። ስንከፈል ያለቀሱ አሉ፣ አንድ ቤተሰብም ጭራሽ ቀረ፣ እስካሁን ይከነክነኛል። አንዳንድ ቤተክርስቲያን በየስድስት ወሩ ተባዙ የሚል ፕላን አለው፣ እኔ አልስማማም፣ ሰው በካላንደር አይበስልም። እኛ የምንጠብቀው ሁለተኛ መሪ ነው፤ ጥያቄ መጠየቅ የሚችል፣ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ሰው ሲቀር ቤቱ የሚሄድ። እንዲህ አይነት ሰው ሲገኝ ከዋናው መሪ ጋር እየተፈራረቀ ይመራል፣ ከዛ ነው የምንከፈለው፣ አዲሱ ኅብረትም በተቻለ መጠን በብሎክ ይሆናል፣ ቅርበቱ ነውና ሁሉ ነገር። መጀመር ለምትፈልጉ ደግሞ ሁለት ቤተሰብ ይበቃል፣ ሁለት ወይም ሦስት በስሜ ያለው ጌታ ራሱ ነው፣ ሰው እስኪሞላ አትጠብቁ፣ ግን ለሽማግሌዎቻችሁ ሳትናገሩ አትጀምሩ።

እስካሁን ያልፈታነው ነገር ልጆች ናቸው። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ አምስት ስድስት ሕፃን ሲሯሯጥ ጸሎቱም ጥናቱም አይሆንም፣ አንዷ እናት ይዛቸው ደረጃ ላይ ትወጣለች፣ ያቺ እናት ደግሞ በዛ ሳምንት ምንም ሳታገኝ ትሄዳለች። በተራ አድርገነዋል፣ አባቶችም ተራ ገብተዋል፣ ቢሆንም ክረምት ላይ ደረጃው ብርድ ነው። መዝሙሩ ላይ አብረውን ይዘምሩ፣ ከዛ ከአንድ ሰው ጋር ሌላ ብሎክ ያለ ቤት ይሂዱ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፣ ገና አልሞከርነውም። እናንተ ጋ እንዴት ነው የምታደርጉት? የሞከራችሁት ካለ ጻፉልን፣ ሐሙስ አንብበነው እንወያይበታለን።