3 ሚሊ

ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየማችን መታጠቢያ ክፍል ወርዱ 1 ሜትር ከ52 ነው። ሁለት ሰው ከገባ አንዱ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ላይ መሆን አለበት። ይቺን ታህል ክፍል ሴራሚክ ማልበስ ምን ያከራክራል? ሦስት ቀን ተከራከርን።

እኔ ፉጋ የሚባል ነገር አልፈልግም ባይ ነበርኩ። በሴራሚኮቹ መሀል የሚተወው ክፍተት ቆሻሻ ይይዛል፤ ተጋጥሞ እንደ መስታወት ይለጠፍልኝ አልኩ። ሴራሚክ ሠሪው ወጣት ልጅ ነው። "ጋሼ" ይለኛል። (38 ዓመቴ ነው። ይመዝገብልኝ።) መልስ አልሰጠኝም። ከካርቶኑ ሁለት ሴራሚክ አውጥቶ ፊት ለፊት አጋጠማቸውና ጣቴን ይዞ ጠርዛቸው ላይ አሳለፈው። ጥፍሬን ያዘኝ። አንዱ ካንዱ 1 ሚሊ ገደማ ይበልጣል።

"ወንድማማች ናቸው እንጂ መንታ አይደሉም ጋሼ። ልዩነታቸውን የሚውጠው ፉጋው ነው። ደሞ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ መላወሻ ካጣ ተገፋፍቶ ብድግ ይላል።"

ለግድግዳው 2 ሚሊ፣ ለወለሉ 3 ሚሊ ብሎ ወሰነ። ባለቤቴ በበኩሏ ቲክቶክ ላይ ያየችው ነገር አለ። የግድግዳውና የወለሉ መስመር ካልገጠመ ሞቼ ነው የምገኘው አለች። ልጁ በጣቱ ቆጠረ። የግድግዳውም የወለሉም ሴራሚክ ወርዱ 30 ሳንቲም ነው። በአምስት ሴራሚክ መሀል አራት ፉጋ አለ። በየፉጋው 1 ሚሊ ከተለያዩ፣ ጥጉ ጋ ሲደረስ መስመሩ በ4 ሚሊ ይስታል። በቃ፣ ሁሉም 3 ሚሊ ይሁን ተባለ። ግድግዳው በሰላም አለቀ። ወለሉ ቀረ።

እሁድ ልጁ አይሠራም። እኔ ደግሞ ሲለጥፍ ቆሜ ሳየው ሰንብቼ፣ የቀረኝ ነገር እንደሌለ እርግጠኛ ሆኛለሁ። የአንድ ቀን የእጅ ዋጋ ላተርፍ ኮላውን በጠበጥኩ። ፉጋው እኩል እንዲሆን መሀል የሚገቡትን የመስቀል ቅርጽ ያላቸው ፕላስቲኮች ብፈልግ የሉም፤ በቦርሳው ይዟቸው ሄዷል። ወጥ ቤት ስገባ ስቴኪኒው ከነዕቃው ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ቢሆን ነው። የ1 ሚሊ ልዩነት ማን ያያል?

ያልታየኝ ነገር፣ ስቴኪኒ ሆዱ ወፍራም፣ ጫፉ ሹል መሆኑ ነው። አንዱን ሴራሚክ ሆዱ ላይ አስደገፍኩ፣ ሌላውን ጫፉ ላይ። 11 ከለጠፍኩ በኋላ ቀና ብዬ ሳይ፣ በሩ ጋ እንደ ክር የቀጠነው ፉጋ ጥጉ ላይ እርሳስ ያስገባል። ባለቤቴ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ምንም አላለችም። መስመሩ ቀጥ እንዲልላት አንገቷን ብቻ አዘመመች።

ሰኞ ጠዋት ልጁ ገባ። ቁጢጥ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መስመሩን አየው። ከዚያ በሁለት ጣቱ አንድ ስቴኪኒ መዘዘና ወደ መብራቱ አነሳው።

"ጋሼ፣ ቁርጡን እዚህ ነው እንዴ የበላችሁት?"

ኮላው አድሮ ጠንክሯል። በመዶሻ ሲነሳ 4 ሴራሚክ ተሰበረ። ሱቁ ተመልሼ ያንኑ ገዛሁ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ከፊተኛው ይለያል። ለካ ቁጥሩ ሲለይ ቀለሙም ሊለይ ይችላል። የፊተኛው ወተት ነው፤ የኋለኛው ከትናንት ያደረ ወተት። አራቱን ከእጅ መታጠቢያው ስር ደበቅናቸው። የአንድ ቀን ዋጋ ላተርፍ ብዬ የሁለት ቀን ከፈልኩ።

በር ጀርባ ያሉት ሁለቱ ብቻ ደህና ስለነበሩ አልተነሱም። ፉጋው ተሞልቶ በስፖንጅ ሲጠረግ ግን ከመሀላቸው አንድ ሹል ነገር ብቅ ብሎ ቀረ።

ባለፈው እሁድ አጎቴ ለምሳ መጡ። ሥጋው ተበላ። ቡናው እስኪደርስ ጥርሳቸውን በምላሳቸው እየፈለጉ "ስቴኪኒ የላችሁም?" አሉ።

ባለቤቴ ዓይኗን ከጀበናው ሳታነሳ መለሰችላቸው።

"አለ ጋሼ። መታጠቢያ ቤቱ በር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ።"