የኤልስዎርዝ ሰንጠረዥ፦ 11ዱን 13 ለማድረስ የፈጀው ጊዜ

የአሜሪካዊው የሕግ ሰው የኦሊቨር ኤልስዎርዝ የሕይወት ሰንጠረዥ፣ ማለትም በየዓመቱ የያዘው ሥራ ዝርዝር፣ ሊያልቅ ምንም አልቀረው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። መጀመሪያው ቀላል ነው፤ በ1745 ዊንዘር፣ ኮኔክቲከት ተወለደ፤ በ1771 ጠበቃ፣ በ1777 የሃርትፎርድ ዐቃቤ ሕግ፣ በ1785 የግዛቱ ዳኛ ሆነ። በ1787 ፊላደልፊያ ላይ የሕገ መንግሥቱን ረቂቅ ካዘጋጁት 5 የኮሚቴ አባላት አንዱ ነበር። በፈራሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስሙን የሚያጣ ግን አይደናገጥ፤ ጉባኤው ሳያልቅ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ያስቸገረው ሴናተር ሳለ በዋናነት ያረቀቀው የ1789ኙ የፍርድ ቤቶች አዋጅ ነው። 13 የአውራጃ ፍርድ ቤት ይላል። ግዛቶቹም 13 ስለሆኑ አንድ ለአንድ ማዛመድ ይቀናል፤ ሰንጠረዡም መጀመሪያ የተሞላው እንደዚያ ነበር። ዳኞች እየዞሩ የሚያስችሉባቸው፣ በሦስት ምድብ የተከፈሉት ተዘዋዋሪ ችሎቶች ላይ ሲደረስ ሒሳቡ ፈረሰ፦ ምሥራቁ 4 ግዛት፣ መካከለኛው 5፣ ደቡቡ 2። ድምሩ 11!

ለካስ ሰሜን ካሮላይናና ሮድ አይላንድ ሕገ መንግሥቱን ገና አላጸደቁም ነበርና አዋጁ ውስጥ የሉም። 13 የሞላው በሜይንና በኬንታኪ ነው። ሜይን ያኔ የማሳቹሴትስ፣ ኬንታኪ የቨርጂኒያ አካል ነበሩ፤ ግን የየራሳቸው የአውራጃ ፍርድ ቤት ተሰጣቸው። ከሦስቱ ተዘዋዋሪ ምድቦች ውጭ ስለቀሩም የአውራጃው ዳኛ የተዘዋዋሪውን ሥልጣን ደርቦ ይሠራ ነበር።

ሌላው ወጥመድ የዳኞቹ ቁጥር ነው። በ1789 ተዘዋዋሪ ችሎት የሚሰየመው በ2 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችና በ1 የአውራጃ ዳኛ ነበር፤ 6ቱ ዳኞች ለ3 ምድብ የተካፈሉትም ለዚህ ነው። በ1793 ግን ከጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ ዳኛ እንዲበቃ ተደረገ። ዓመት ያልተጻፈበት የዳኞች ቁጥር ዋጋ የለውም።

ስለ ትርጉም፦ «ሰርኪት» ብሎ ከመተው «ተዘዋዋሪ ችሎት» ይሻላል፤ ዳኞቹ በእርግጥም እየዞሩ ነበር የሚያስችሉት። «ዲስትሪክት»ን «ወረዳ» ማለት ግን የእኛን ወረዳ ፍርድ ቤት ያስታውሳልና ያሳስታል። «አውራጃ»ም ፍጹም አይደለም፤ የተሻለ እስኪገኝ ነው።

አዋጁን ሳያነቡ በሕይወት ታሪክ መጽሐፍ መጀመር የኋላ ኋላ ድካም ነው። ሴኔቱ እስከ 1795 በዝግ ይሰበሰብ ስለነበር፣ ለክርክሩ ዋናው ምንጭ የሴናተር ዊልያም ማክሌይ የግል ማስታወሻ ነው። ማክሌይ ደግሞ ረቂቁን አጥብቆ ይቃወም ነበር፤ ስለ ኤልስዎርዝ የጻፈውን እንደ ተከራካሪ ወገን መልስ እንጂ እንደ ቃለ ጉባኤ ማንበብ አይገባም።

ያልተስተካከለው የመጨረሻው ረድፍ ነው። በ1796 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሆነ፤ ከ1799 እስከ 1800 ወንበሩን ሳይለቅ ወደ ፈረንሳይ የተላከ የአሜሪካ መልእክተኛ ነበር፤ የሥራ መልቀቂያውንም የላከው ከዚያው ነው። ለአንድ ዓመት አንድ ሥራ ብቻ የሚቀበል ሰንጠረዥ እዚህ ላይ አይሠራም፤ ሁለት ዓምድ ያስፈልጋል።