ያጥፉትና እንደገና ይጫኑት

በስልክ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሦስት ቃል ነው። ሚኒባስ ውስጥ፣ ሐሙሲትን አለፍ እንዳልን፣ ወደ ጎንደር እየሄድኩ ነው የተናገርኩት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሥራዬ የስልክ አፕ መሥራት ነው፣ የምሠራበት ላፕቶፔ ተቃጠለ። ባሕር ዳር መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዳንዴ እንዴት ተቆጥቶ እንደሚመለስ የቀመሰው ያውቀዋል። ጠጋኙ ከፈተው፣ አሸተተው፣ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ለመናገር ብዙም አላለቀስኩለትም። ድሮም 4 ጊጋ ራም ነበረው፣ አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ደግሞ ቢያንስ 8 ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቢልድ (ኮዱን ወደ አፕ መቀየር ማለት ነው) አዝዤ ቡና ተፈልቶ፣ አቦል ጠጥቼ፣ ቶና ጠጥቼ፣ በረካ ላይ ስደርስ ነበር «አልተሳካም» የሚለኝ።

ሌላ ልገዛ አቅሙ የለኝም። ያለኝ ስልክ ነው። ስልክ ላይ የሊኑክስ ትእዛዝ የሚያስኬደውን ተርመክስን ጫንኩበት፣ አንድ አሮጌ ኪቦርድ በኦቲጂ ገመድ ሰካሁበት፣ ኮዴን እዚያው መጻፍ ጀመርኩ። የምጽፈው ፍላተር በሚባለው የጉግል አፕ መሥሪያ ነው። መጻፉን ቶሎ ለመድኩት። ቢልዱ ግን ስልኩ ላይ አልሆነልኝም፤ ጉግል ለሊኑክስ የሚያወጣቸው የአንድሮይድ መሥሪያዎች ለኮምፒውተር ፕሮሰሰር የተዘጋጁ ናቸው፣ የስልክ ፕሮሰሰር ግን ኤአርኤም የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። መንገድ ያገኙለት ሰዎች አሉ፣ እኔ ሁለት ቀን ታግዬ ተውኩት።

መፍትሔው ጊትሃብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ የሚሰጠው አክሽንስ የሚባል አገልግሎት ሆነ። ኮድህን ፑሽ ስታደርግ፣ ማለትም ወደ ጊትሃብ ስትልክ፣ የሆነ አገር ያለ የሊኑክስ ማሽን ይነሳልሃል፣ ፍላተርን ይጭናል፣ ኤፒኬውን፣ ማለትም ስልክ ላይ የሚጫነውን የአፕ ፋይል፣ ይሠራል፣ ፋይሉን ያስቀምጥልሃል፣ ከዚያ ማሽኑ ይደመሰሳል። ይደመሰሳል የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ። ለግል የኮድ ማከማቻ በወር 2,000 ደቂቃ በነፃ ነበር፤ የኔ አንድ ቢልድ 10 ደቂቃ አይሞላም። ፖሊ ካምፓስ የሚማር ጓደኛዬ «ለአይፎንስ?» ሲለኝ ለሱም ይቻላል አልኩት፣ የአይፎን አፕ የሚሠራበት ኤክስኮድ ከማክ ውጪ ስለማይሠራ የማክ ማሽንም በኪራይ ይሰጡሃል። ግን ያኔ የማክ አንድ ደቂቃ እንደ አሥር ይቆጠር ነበር፣ አፕል ደግሞ በዓመት 99 ዶላር ይፈልጋል። ዶላሩን ከየት? እዚያ ላይ ወሬያችን አለቀ።

ጉራዬን መቼም አትጠይቁኝ። ያለ ኮምፒውተር አፕ እሠራለሁ እያልኩ ፔዳ ካምፓስ አካባቢ ላገኘሁት ሁሉ አውርቻለሁ።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ጣና ዳር አሳ ይረከባሉ። ጠዋት ታንኳውና ጀልባው ሲገባ ቆሮሶውንም አምባዛውንም መዝነው ከአስጋሪዎቹ ይቀበሉና ለምግብ ቤቶች ያከፋፍላሉ። ሁሉም በዱቤ ነው። አስጋሪው ቅዳሜ ይከፈለዋል፣ ምግብ ቤቱ ሲመቸው ይከፍላል። ደብተራቸው ውሃ ጠጥቶ አብጦ፣ ቅርፊት ተለጥፎበት፣ አንዳንዱ ገጽ ከነጭራሹ አይነበብም ነበር። እኔ ነኝ «እትዬ፣ ይሄንን ልገላግልዎት» ያልኩት። አልጠየቁኝም።

አፑ ቀላል ነው። ስም፣ የአሳው ዓይነት፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ቀሪ ሂሳብ። ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሁሉንም ስልካቸው ውስጥ ባለ ትንሽ ዳታቤዝ ነው የሚያስቀምጠው። ኤፒኬውን በቴሌግራም ላክሁላቸው። ወደዱት። 19 ቀን ሙሉ ጻፉበት፣ ደብተሩንም ተዉት።

ከዚያ «ፊደሉ ቀጨጨብኝ፣ አሳድግልኝ» አሉኝ። የአንድ መስመር ሥራ ናት። ሠራሁ፣ ፑሽ አደረግሁ፣ አዲሱን ላክሁና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሐሙሲትን ስናልፍ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ እንቢ አለኝ እኮ። መተግበሪያው አልተጫነም ነው የሚለው።»

እኔም ሳላስብ ያቺን ሦስት ቃል ተናገርኩ።

«የጻፍኩትስ?»

«ምንም አይሆንም እትዬ።»

ይሄኛው እንደውም ይብሳል። ወረታ ሳንደርስ እንደገና ደወሉ። አልጮሁብኝም። «ባዶ ነው» ብቻ አሉኝ። ወረታ ላይ ወርጄ በተገኘው መኪና ተመለስኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ዳር ላይ ቁጭ ብለን ሂሳቡን ከሰው አፍ ለቀምን። አስጋሪዎቹ የሰጡትን በደንብ ያስታውሳሉ፣ እንዲያውም ትንሽ ጨምረው ያስታውሳሉ። ምግብ ቤቶቹ ደግሞ ቀንሰው። መሀል ያለውን ልዩነት የሸፈኑት እትዬ ናቸው። እኔ ልክፈል ስላቸው «በምንህ?» አሉኝ። እውነት ነው።

የዚያን ቀን ማታ ሁለቱን ኤፒኬዎች ተርመክስ ውስጥ ባለችው ኤፒኬሳይነር ከፍቼ ፊርማቸውን አየሁ። ሁለቱም «አንድሮይድ ዲበግ» ይላሉ፣ የሙከራ ፊርማ ማለት ነው። የጣት አሻራቸው ግን ለየቅል ነው።

አንድሮይድ ላይ ያልተፈረመ አፕ አይጫንም፣ ፊርማው የሚወጣው ደግሞ ቁልፍ ከሚባል ሚስጥራዊ ፋይል ነው። ማሻሻያ ሲመጣ ስልኩ አዲሱን ፊርማ ከድሮው ጋር ያስተያያል፣ ካልገጠመ በሩን ይዘጋል። ልክም ነው፤ አለበለዚያ ማንም ተነስቶ የባንክህን አፕ የሚመስል ነገር በላዩ ላይ ይጭንብህ ነበር። ፍላተር አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጥርልህ ለሰው የሚለቀቀውን ቢልድ ለጊዜው በዲበግ ቁልፍ እንዲፈረም አድርጎ ይሰጥሃል፣ የራስህን ቁልፍ አስገባ የሚል ማስታወሻም ከጎኑ ጽፎልሃል። አይቼዋለሁ። ቆይ ብዬው ነው። ይሄ የዲበግ ቁልፍ ማሽኑ ላይ ከሌለ በራሱ ይፈጠራል። ላፕቶፕ ቢኖረኝ አንዴ ተፈጥሮ እዚያው ይቀመጥ ነበርና ምናልባት ለዓመታት ሳላውቀው እኖር ነበር። የኔ ማሽን ግን በየቢልዱ አዲስ ነው፣ ተፈጥሮ ፈርሞ ይደመሰሳል፣ ቁልፉም አብሮት ይደመሰሳል።

የሚያናድደው ምልክቱን ቀድሜ ማየቴ ነው። በራሴ ስልክ ስሞክር አዲሱ ቢልድ በድሮው ላይ አንድ ቀን ተጭኖልኝ አያውቅም። ስልኬ ሞልቶ ነው እያልኩ አጥፍቼ እጭን ነበር። የኔው አፕ ውስጥ የሚጠፋ ነገር ስለሌለ ምንም አልመሰለኝም፤ ለእትዬ የነገርኳቸውም የራሴን ልማድ ነው።

ቁልፉን መሥራት ራሱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ተርመክስ ላይ ጃቫ ጭኜ ኪቱል በምትባለው ቁልፍ ማውጫ 10,000 ቀን የሚቆይ ቁልፍ አወጣሁ፣ ወደ ጽሑፍ ቀይሬ ጊትሃብ ውስጥ ሚስጥር የሚቀመጥበት ቦታ አስገባሁት፣ ማሽኑ በየቢልዱ ከዚያ አንስቶ እንዲፈርም አደረግሁ። ቅጂውን በፍላሽ ገልብጬ ለእናቴ ሰጠኋት። የቤቱ ካርታ ያለበት ሳጥን ውስጥ ነው ያስቀመጠችው። ፕሌይ ስቶር ላይ ብትሆን የአፑን ዋና ቁልፍ ጉግል ይይዝልሃል፣ ያንተ የመላኪያ ቁልፍ ቢጠፋ እንኳ ይተኩልሃል። በቴሌግራም ለሚልክ ሰው ግን አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ሁሉን ጨርሼ በአራተኛው ቀን እትዬ ዘንድ ሄድኩ። እዚያ ስደርስ ነው ነገሩ የበራልኝ። ስልካቸው ላይ ያለው አፕ የተፈረመው በጠፋው ቁልፍ ነው። አዲሱ በላዩ ላይ አይጫንም። ሂሳቡን የሚያወጣ በተን ልጨምርበት ብል እሱም ማሻሻያ ነው፣ እሱም አይጫንም። አፑን ማጥፋት አለብን፣ ውስጡ ደግሞ የአራት ቀን ሂሳብ አለ።

ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ከመቶ ብር ላይ ቆርሰው ሰጡኝ፣ ሱቅ ሄጄ ደብተር ገዝቼ መጣሁ። ዘንባባው ሥር ተቀመጥን። ፊደሉ አድጎ ስለነበር መነጽር እንኳ አላስፈለጋቸውም፣ ከስልኩ እያነበቡ ያስጽፉኝ ጀመር።

«አምባዛ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ተኩል። ጻፍክ?»

«ጽፌያለሁ እትዬ።»

«አንብብልኝ እስቲ።»