ወር ጠብቆ የሚመጣ ሽፍታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ይህን ምስክርነት የምጽፈው እመቤታችን ኪዳነ ምሕረት ያደረገችልኝን ይዤ ዝም ማለት ስለከበደኝ፣ ደግሞም እንደ እኔ ወር ጠብቆ በሚመጣ የቆዳ ሽፍታ የምትሠቃይ እኅት ካለች «ቡዳ ነው፣ ዓይነ ጥላ ነው» እየተባለች እንዳትንገላታ ብዬ ነው። የምኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ የካ አባዶ ነው።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ እንደ ብዙዎቻችን የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ምንም አልሆንኩም፤ እየቆየ ግን ክንዴና ጭኔ ላይ ንብ የነደፈው የመሰለ ቀይ እብጠት እየወጣ እስኪደማ ድረስ ያሳክከኝ ጀመር። በአቅራቢያዬ ያለ ክሊኒክ የሳሙና አለርጂ ነው ብሎ ቅባት ሰጥቶ ሸኘኝ። ሳሙና ቀየርኩ፣ እንቁላልና በርበሬ ተውኩ፤ ለውጥ አልነበረም። መርፌውን ባቆምም፣ አንዴ የተወጋ መድኃኒት ከሰውነት ተመልሶ አይወጣምና ወራት መታገሥ ነበረብኝ። የወር አበባዬ ሲመለስ ሽፍታው ጠባዩን ለወጠ፤ ድራሹ ይጠፋና ዳንኩ ስል ተመልሶ ይመጣል። አንድ ሌሊትማ ከንፈሬ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮኝ፣ ጎረቤቶቼ ደግፈው ድንገተኛ ክፍል አደረሱኝ፤ በመርፌ ተረፍኩ። አማቴ ሕመሙ በሚካኤል ሰሞን ይነሣል፣ የተረሳ ስለት ይኖራል ይሉ ነበር።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል መጠመቅ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ልመናዬ አንድ ብቻ ነበር፤ «እመቤቴ ሆይ፣ ፈውሱ ቢዘገይ እንኳ የሚያቃጥለኝ ምን እንደሆነ አሳውቂኝ» እል ነበር። ሽፍታው ሲበረታብኝ ከቤት መውጣት አልችልም፤ ወዲያው ደግሞ የወር አበባዬ ይመጣል፣ በሥርዓታችን በዚያ ጊዜ ጸበል አይገባም። ስለዚህ ወደ እንጦጦ የምደርሰው ሁልጊዜ ገላዬ ከጠራ በኋላ ነበር። አንድ ቀን እዚያ የሚያገለግሉ እማሆይ ትክ ብለው አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ታመምኩ ትያለሽ፤ እኔ ግን አንድም ቀን ቆስለሽ አላየሁሽም። መቼ መቼ ነው የሚነሣብሽ?» አሉኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም አልጠየቀኝም፤ የልመናዬ መልስ በእርሳቸው አፍ እንደመጣ የማምነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ በወጥ ቤቴ በር ላይ በተሰቀለው፣ የየዕለቱ በዓል በተጻፈበት የቀን መቁጠሪያ ላይ ሽፍታ ያለብኝን ቀን በቀይ፣ የወር አበባዬን ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ አከብብ ጀመር። ወራት አልፈው ስመለከተው ቀዩ ከሰማያዊው በፊት አንድ ሳምንት ገደማ ቀድሞ ይጀምራል፣ ሰማያዊው በገባ በጥቂት ቀናት ያልቃል። በሚካኤል የጀመረው ደግሞ ወር በወር በዓላቱን እየቀደመ ወደ ልደታ ተጠጋ፤ የእኔ ዑደት ከሠላሳ ቀን ያንሳልና። አማቴም ይህን ሲያዩ የስለቱን ነገር ተዉት።

የቀን መቁጠሪያውን ቅጠሎች ገንጥዬ አንዲት የቆዳ ስፔሻሊስት ዘንድ ይዤ ቀረብኩ። ሐኪሟ ከመድኃኒቴ ይልቅ ስለ ቀኖቹ ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ከዚያም ነገሩን አስረዱኝ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው የሴት ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ይጨምራል፣ የወር አበባ ሊመጣ ሲል ይቀንሳል፤ የጥቂት ሴቶች ሰውነት ግን ይህን የራሱን ሆርሞን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይዋጋዋል። የሦስት ወር መርፌውም ከፕሮጄስትሮን ጋር የሚመሳሰል ሆርሞን ነው፤ መርፌው በውስጤ ሳለ ሽፍታው ያለ ዕረፍት የቆየው፣ ሲያልቅ ደግሞ ወር ጠባቂ የሆነው ለዚህ ይመስላል አሉኝ። ሕመሙ በሕክምናው ዓለም በ1921 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተመዝግቦ፣ በ1964 «አውቶኢሚውን ፕሮጄስትሮን ደርማታይተስ» የሚል ስም እንደተሰጠው ሲነግሩኝ እፎይ አልኩ። ስም ያለው ነገር ሐኪምም ይኖረዋል ብዬ ይሆናል።

የአለርጂ ክኒን ብቻውን ማሳከኩን ቢያስታግስም አላቆመውም። ስለዚህ እንቁላል እንዳይወጣ የሚያደርግ፣ ኢስትሮጅንም ያለበት ክኒን አዘዙልኝ። በውስጡ የፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን ስላለ አንዳንዷን ሊያብስባት እንደሚችል አስጠንቅቀው፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቅርብ ተከታተሉኝ። በፍርሃት ጀመርኩት፤ ቀይ ክቦቹ ከወር ወር እየሳሱ ሄደው፣ በመጨረሻ ሰማያዊው ብቻውን ቀረ። በየካቲት 16፣ በእመቤታችን በዓል፣ የተሳልኩትን ጥላ አስገባሁ፤ ክኒኑን ግን እስካሁን አልተውኩም፣ ጸበሉንም እንዲሁ።

ታናሽ እኅቴ የእኔን አይታ መርፌዋን ልታቆም ብትነሣ ከለከልኳት። እርሷ ምንም የላትም፣ ይህ ሕመምም ብርቅ ነው፤ ብዙ ሴት ያለ ችግር የምትጠቀምበትን ነገር በእኔ ሰበብ ጥላ ሳታስበው ብታረግዝ ምን ይባላል? ቀን መቁጠሪያ ግን ገዝቼ ሰጥቻታለሁ።